በፖርቶ ቫያርታ የመለስኳቸው ሽማግሌዎች

ሴት ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ ይህን ቆማችሁ የምታነቡ ከሆነ ተቀመጡ። ሴት ልጅ የሌላችሁም አንብቡት፤ ሌላው ቢቀር በእኔ ትስቃላችሁ። ባለቤቴ አልጋነሽ ነገሩ ከሆነ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን ስቃ አልጨረሰችም።

ወንድወሰን እባላለሁ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ደወሉ ሳሎን ድረስ የሚሰማበት ቤት። ትውልዴ ደብረ ማርቆስ ስለሆነ ባሕር ለእኔ ካርታ ላይ ሰማያዊ የተቀባው ቦታ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ኤርፖርት ላይ ታክሲ ስነዳ ነው። በበረዶው ወራት፣ ትንፋሽ ጢም ላይ በሚደርቅበት ጊዜ፣ በነጠላ ጫማና በሣር ባርኔጣ ወደ ሜክሲኮ የሚሄዱ ሰዎችን አደርስ ነበር። ከሳምንት በኋላ እንደ ቲማቲም ቀልተው ሲመጡም የምቀበላቸው እኔው ነኝ። «ምን አይታችሁ መጣችሁ?» ስላቸው «ኧረ ምንም፣ ተጋድመን ነው የከረምነው» ይሉኛል። ለመጋደም አውሮፕላን የሚሳፈር ሕዝብ እያልኩ ስስቅባቸው ኖርኩ።

ሌላው ስለ እኔ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ደንብ አክባሪነቴን ነው። በማኅበራችን ውስጥ ጋብቻ በታሰበ ቁጥር ወንድወሰን ይጠራ ይባላል። ሽማግሌ ሆኜ የስንቱን ሰው ደጅ ጠንቻለሁ፤ ስንቱን ቆጣ ያለ አባት አለዝቤ አስማምቻለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚቀመጡ፣ መቼ ጉሮሮ እንደሚጠረግ ከእኔ የሚሰወር የለም። ታዲያ ሁልጊዜ ጠያቂ ነበርኩ እንጂ አንድም ቀን ተጠያቂ ሆኜ አላውቅም።

ልጃችን ሄርሜላ አንድ ናት፣ ሚኔሶታ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ የጥርስ ክሊኒክ የምትሠራ። ኤሪክ ደግሞ እዚሁ ሚኔሶታ የዱሉዝ ከተማ ልጅ ነው፣ ቁመቱ በበራችን ሲገባ ጎንበስ የሚያስብለው፣ አስተማሪ። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን አልጋነሽ «ብላ» ስትለው «ኖ ቴንክ ዩ» አለ። ደግማ ለመነችው፣ አሁንም እንቢ አለ። በሦስተኛው ተቀምጦ የሦስት ሰው ምግብ በላ። ሚኔሶታዎች እንደዚህ ናቸው፤ እንደ እኛው ይሉኝታ አላቸው። ያን ቀን በልቤ ወደድኩት፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሄርሜላ «ጓደኛዬ ነው» ብላ አስተዋወቀችን፤ እኔም ጓደኛዋ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። አባት በደንቡ እስኪጠየቅ ድረስ የሚያየውን አያይም፣ የሚሰማውንም አይሰማም።

በጥር አንድ ቀን ሄርሜላ መጥታ ስልኳን ፊቴ ደቀነች።

«ዳዲ፣ ሜክሲኮ፣ ፖርቶ ቫያርታ ልንሄድ ነው። ኤቭሪቲንግ አሬንጅ አድርጌያለሁ። ፕራይቬት ቱር ነው፤ እኛ ብቻ፣ አንድ ጋይድ፣ አንድ ቫን። ከማንም ጋር አትጋፋም።»

«ኤሪክም ይመጣል?»

«ሂ ኢዝ ማይ ፍሬንድ፣ ዳዲ።»

«ጓደኛ ከሆነ ይምጣ።»

አልጋነሽ ከወጥ ቤት ስትስል ሰማኋት። ጉንፋን አልነበረባትም።

ኤርፖርት ያደረሰን ጎረቤታችን አቶ ተስፋይ ነው። የአስመራ ሰው ነው፣ በአማርኛ የተማረ፣ ለሠርግም ለሐዘንም አብረን የምንቆም የሽምግልና ጓዴ። ሻንጣ ስናወርድ ኤሪክን ወደ ጎን ስቦ በጆሮው ሲያንሾካሹክ፣ በእጁም «ቁም፣ ቁም» የሚል ምልክት ሲያሳየው በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ደንቡ ነውና አላየሁም።

የመጀመሪያው ቀን በጣም ያማረ ነበር። አስጎብኚያችን ዶን ቼማ የእኔ እኩያ ነው፣ ነጭ ባርኔጣ የማይለየው፣ እንግሊዝኛውን እንደ እኔ መንገድ ላይ የለቀመ። ከኋላ ተቀምጬ መነዳት ስለማላውቅበት ከፊት፣ ከጎኑ ገባሁ። ድንጋይ በተነጠፈባቸው ጠባብ ቁልቁለቶች ሲወርድ እኔም በባዶው ፍሬን ስይዝ አይቶ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ስሜን አሳጥሮ «ወንዶ» እያለ ይጠራኝ ጀመር። በባሕሩ ዳርቻ እየተጓዝን የነሐስ ሐውልቶቹን፣ አናቷ ላይ ዘውድ የደፋችውን ቤተ ክርስቲያን፣ ቀይ ጣሪያ ያላቸውን ቤቶች አሳየን። በየማዕዘኑ ሰላም የማይለው ሰው የለም። ሰባት ሰው የሚጋፋበት ቱር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ወሬ ከየት አገኘው ነበር?

ችግር የተፈጠረው ምሳ ላይ ነው። በእንጨት ተሰክቶ የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጥበት ቤት አስቀመጠንና ራሱ ተመልሶ ቫኑን ተደግፎ ቆመ።

«ሰውዬው የት ሄደ?» አልኩ።

«ሂ ኢዝ ዎርኪንግ፣ ዳዲ። ጋይድ ከቱሪስት ጋር አይበላም።»

«ሾፌር ፀሐይ ላይ ቆሞ እኔ እዚህ ዓሣ ልግጥ? እንግዲያው እኔም አልበላም።»

ተነስቼ ሄድኩና ና አልኩት። አመሰገነና እንቢ አለ። ነገር ሳላበዛ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አንስቼ ወስጄ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጥኩት። ባርኔጣውን ተከትሎ ለመምጣት ተገደደ። አጠገቤ አስቀምጬ ከዓሣው ወፍራሙን ፈልቅቄ ሳጎርሰው የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ዶን ቼማም አፉን ሞልቶ እንባ እስኪወጣው ሳቀ። ኤሪክ ምግቡን ትቶ እኛን እኛን ሲያይ አስተውያለሁ።

በማግስቱ በጀልባ ነው የሄድነው። «የላፓ» የምትባል የባሕር መንደር አለች፣ ሰው በጀልባ የሚመላለስባት። ቫኑን ወደቡ አጠገብ አቆምን፤ ኤሪክ ፓስፖርቱ ያለበትን ቦርሳ እንዳይረጥብ ብሎ ቫኑ ውስጥ ተወው፤ ዶን ቼማ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ይህችን ልብ በሉልኝ።

የጀልባዋን ነገር ባልናገር ይሻለኛል። አግዳሚውን በሁለት እጄ አንቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደጋግሜ ደረስኩ። ስንወርድ ግን ዓይኔ ተከፈተ፦ ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ ከበስተኋላ አረንጓዴ ተራራ። ዶኛ ሉፔ የሚሏት የዶን ቼማ ታላቅ እህት ፓይ የሚሉት ጣፋጭ ኬክ የሞላ ዕቃ በራሷ ተሸክማ በአሸዋው ላይ እየዞረች ትሸጣለች። ዶኛ ማለት እንደ እኛ እትዬ ነው። ወንድሟ ያጎረስኩትን ነገር ነግሯት ኖሮ ገና ስታየኝ ጉንጬን ሁለቴ መታ መታ አደረገችኝ።

ከምሳ በኋላ እናትና ልጅ ከመንደሩ በላይ ያለውን ፏፏቴ ለማየት ሄዱ። እኔ ጉልበቴ ዳገት አይወድም። ኤሪክም «ልዋኝ» ብሎ ቀረ። በረጅሙ ወንበር ላይ ተጋደምኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ እግሬን ሞቃቱ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩ። ያኔ እነዚያ በታክሲዬ ያመላለስኳቸው ተሳፋሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ገቡኝ። ይቅር በሉኝ አልኳቸውና ዓይኔን ከደንኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ሦስት ሰዎች ፊቴ ተደርድረው ቆመዋል። መሃል ላይ ዶን ቼማ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዟል። በቀኙ ባለጀልባው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። በግራው ዶኛ ሉፔ አንድ ሙሉ ፓይ በሁለት እጇ ይዛለች። ራቅ ብሎ ካለው ዘንባባ ጀርባ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ነጫጭ እግሮች ይታያሉ።

«ተቀመጡ እንጂ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አለ ዶን ቼማ። «የመጣንበትን ተናግረን መልስ ሳናገኝ እንዳንቀመጥ ታዘናል።»

ይህን ቃል እኔ ራሴ በስንት ቤት ቆሜ ብየዋለሁ! የአቶ ተስፋይ «ቁም፣ ቁም» ያን ጊዜ ተፈታልኝ።

ዶን ቼማ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሱንም በቦታው ነው የጠረገው። «ወንዶ፣ ትናንት ያለ አንተ አልበላም ብለህ ባርኔጣዬን ወሰድክ። ይህ ልጅ ያንን አይቶ ማታ ቤቴ መጣ። አባቱ ሞቷል፤ እናቱም ሩቅ ናት። 'የልጅቷ አባት አክብሮ አብሮህ በልቷል፣ አንተ ብትጠይቅልኝ ይሰማሃል' አለኝ። ልጅህን ለልጃችን እንድትሰጠን ልንለምን መጥተናል።»

ዶኛ ሉፔ በራሷ ቋንቋ ጣልቃ ገባች፤ ወንድሟ ተረጎመ። «ማታ ወንድሜ ቤት እራት አብልቼ መርምሬዋለሁ፣ ሳህኑን ሳይነገረው ራሱ አጠበ ትላለች።»

ወገኖቼ፣ ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ተነስቼ ሦስቱንም ብስማቸው፣ ዘንባባውንም ጭምር ብስመው በወደድኩ። ግን ደንብ የሚባል ነገር አለ። እኔ ለአልጋነሽ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁለቴ መልሰውብኝ በሦስተኛው ነው የሰጡኝ። ልጅ በመጀመሪያ ጥያቄ ከተሰጠች «ሊገላገሏት ቸኩለው ነበር» ትባላለች። ደግሞም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። ስለዚህ ፊቴን አኮሳተርኩ፣ እግሬን ከአሸዋው አወጣሁ፣ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አይሆንም» አልኩ። «ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። አጎቶቿ አሉ፤ እነሱ ሳይሰሙ የማደርገው ነገር የለም። ልጄን አልሰጥም።»

በእኛ አገር «አጎቶቿ ይስሙ» ከተባለ ነገሩ አለቀ፣ ሌላ ቀን ብቅ በሉ ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የሐበሻ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ በልቡ እየሳቀ ነው የሚወጣው።

ዶን ቼማ ግን ባርኔጣውን ቀስ ብሎ ደፋ። ዶኛ ሉፔ ምን አለ ብላ ጠየቀችውና በአንድ ቃል ነገራት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ከዚያ ፓይዋን በጨርቅ ሸፍና ይዛው ሄደች። ነጫጮቹ እግሮችም ከዘንባባው ጀርባ ጠፉ።

እኔ ምን ቸገረኝ! ደንቡን በሜክሲኮ ምድር አቆምኩ ብዬ ኮራሁ። ተጋድሜ ለሁለተኛው ጊዜ የምላቸውን ማሰናዳት ጀመርኩ፤ ለስለስ ያለ እንቢታ፣ ትንሽ ፈገግታ የጨመረ። ጥቂት ቆይቶ የሕዝብ ማመላለሻዋ ጀልባ ሞተሯን አስነሳች። ቀና ስል ኤሪክ ጎንበስ ብሎ ተሳፍሮባታል። «ተጨማሪ ሽማግሌ ሊያመጣ ሄደ!» አልኩና የበለጠ ደስ አለኝ። እጄንም አውለበለብኩለት። እሱም አውለበለበልኝ፣ የሚኔሶታ ልጅ አይደል።

እናትና ልጅ ፀጉራቸው ረጥቦ፣ እየተሳሳቁ ተመለሱ።

«ኤሪክ የታለ?» አለች ሄርሜላ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ዶን ቼማ መጣ። ፊቱ እንጨት ሆኗል። «ሴኞር» አለኝ። ትናንት ወንዶ፣ ዛሬ «ጌታዬ» እንደማለት ሴኞር! «ልጁ ወደ ከተማ ሄዷል። ሽርሽራችሁን እንዳላበላሽባችሁ በረራዬን ቀይሬ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ብሏል። ሄርሜላን በኋላ እደውልላታለሁ በሏት አለ።»

ከወንበሬ ተፈናጥሬ ተነሳሁ።

«ምን ሆኖ?» አለች አልጋነሽ ወደ እኔ ዞራ። እንዲህ ዓይን ለዓይን ስታየኝ መዋሸት አልችልም።

«ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር።»

«እና?»

«እንደ ደንቡ መለስኳቸው።»

«ደንቡን ማን ነገራቸው?»

ጫማዬን ፍለጋ ጎንበስ አልኩ።

«ወንድወሰን፣ ደንቡን ማን ነገራቸው?» ጉንጮቿን በሁለት እጇ ያዘች። «ኧረ ጉዴ ፈላ!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬ እኮ ነው…»

«አንተ ሳትቸኩል ነው ያፈሰስከው!»

እኔ በአማርኛ ሳናግራት እንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምትመልስልኝ ሄርሜላ ድንገት ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ኤሪክ ሽማግሌ ላከ? ለእኔ?» አለች። ፊቷ በራ። እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም፤ አምስት ዓመቷ ላይ ብስክሌት ስገዛላት እንኳ እንዲህ አልሆነችም። ከዚያ ነገሩ እስከ መጨረሻው ገባትና ብርሃኑ ጠፋ።

«ኤንድ ዩ ሴድ ኖ?»

«ለክብርሽ ነው፣ ልጄ። ሁለተኛ ሲመጡ ለስለስ ልል፣ በሦስተኛው…»

«ዳዲ፣ ሂ ኢዝ ፍሮም ዱሉዝ! አይሆንም ካልከው ሂ ዊል ሪስፔክት ኢት። ሂ ዊል ሪስፔክት ኢት ፎርኤቨር!» አለችና አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም። ብዙ አባት አስታርቄያለሁ፣ ብዙ ልጅ አጋብቻለሁ፤ የራሴን ልጅ ደስታ ግን በገዛ አፌ አባረርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ የእኔ ቃል ደግሞ ባሕር ተሻግሯል። እዚያ መንደር ውስጥ ስልክ አይሠራም። ስለ ጀልባ የነበረኝ ፍርሃት የት እንደገባ እንጃ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ ውኃው ሮጥኩ።

«ዶን ቼማ፣ ከተማ! አሁኑኑ! ልጁ ሳይሄድ!»

ግራ ገብቶት አየኝ፤ ቢሆንም ባለጀልባውን ጠራው። ዶኛ ሉፔም ከተማ ጉዳይ ነበራትና ፓይዋን እንደሸፈነች ተሳፈረች። ወደ እኔ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ነው የተቀመጠችው።

የባሕሩን እኩሌታ ስንደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ።

«ምን ሆነ?» ብዬ ጮህኩ።

ዶን ቼማ በጣቱ አሳየኝ። ከፊታችን ውኃው ተከፈተና ቤታችንን የሚያህል ጥቁር ጀርባ ብቅ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ትንሽዬ። ዓሣ ነባሪ ናት፣ ከነልጇ። «እነሱ እያሉ ማለፍ ክልክል ነው» አለኝ። ሰው ከስንት አገር ለማየት የሚመጣውን ነገር እኔ ያለ ልመና አገኘሁትና ጭራሽ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። እናትየው ትተነፍሳለች፣ ልጅየው ይገለባበጣል፣ ለመሄድ ግን አንዳቸውም አልቸኮሉም። ተነስቼ ቆምኩና በአማርኛ ለመንኳት።

«እናቴ፣ አንቺም ወላጅ ነሽ፤ የልጅን ነገር ታውቂያለሽ። እባክሽ እለፊልኝ!»

አልጋነሽ ከነንዴቷ ሳቋ አመለጣት። ሄርሜላም እንባዋን እየጠረገች ወደ ውኃው ጎንበስ አለች፤ ትንሹን ዓሣ ስታይ ፈገግ አለች።

እንደዚያ ተገትረን ሳለን ነው ዶን ቼማ የጠየቀኝ። «አንድ ነገር ንገረኝ፣ ሴኞር። ልጁ ምን አጠፋ?»

«ምንም! እንደሱ ያለ አማች ከየት አገኛለሁ?»

«ታዲያ ለምን እንቢ አልክ?»

ነገርኩት። መጀመሪያ መመለስ ክብር እንደሆነ፣ እኔንም አማቼ ሁለቴ እንደመለሱኝ፣ በሦስተኛው እሺ ልል ተዘጋጅቼ መቀመጤን፣ ኤሪክ ሲሳፈር ሽማግሌ ሊጨምር የሄደ መስሎኝ እጄን ማውለብለቤን ሁሉ ነገርኩት። ዶን ቼማ አፉን ከፍቶ ሰማኝ፤ ከዚያ ለእህቱና ለባለጀልባው ተረጎመ። ድንገት ዶኛ ሉፔ ሳቀች፤ ጀልባዋ እስክትወዛወዝ ሳቀች። ዞራም ጉንጬን እንደ ጠዋቱ መታ መታ አደረገችኝ።

«እጁን አውለበለበለት እኮ!» እያለ ዶን ቼማ ጉልበቱን ይመታል። «ወንዶ፣ አንተ ሰው!»

ስሜም ወደ ወንዶ ተመለሰ። ዓሣ ነባሪዋም ጅራቷን አሳይታን ወረደች፤ ሞተሩ ተነሳ።

አሁን ሌላ ጭንቀት መጣ። «ደርሰን ብናገኘውስ ምን እለዋለሁ?» አልኳት አልጋነሽን። «አባት ሄዶ ልጄን ውሰድልኝ ይላል? ሞቼ እገኛለሁ።»

አልጋነሽ በአገጯ እነ ዶን ቼማን አሳየችኝ። «የሚጠይቅ ሽማግሌ ካለ የሚመልስ ሽማግሌ ለምን አይኖርም? ሦስቱም ይኸው ከፊትህ ተቀምጠውልሃል።»

በሽምግልና ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ግን ሴትየዋ ልክ ናት።

ወደቡ ስንደርስ ሄርሜላ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። «ኤርፖርት ሄዶ ይሆናል» አለች፣ ድምጿ ተቆራርጦ። እኔም ታክሲ ፍለጋ ዓይኔን ሳንከራትት ዶን ቼማ በድንገት ኪሱን ዳበሰና የቫኑን ቁልፍ አወጣ። «የልጁ ፓስፖርት ያለው እኔ ዘንድ አይደል እንዴ?»

ተንደርድረን ማዕዘኑን ዞርን። ኤሪክ የቫኑን ጎማ ተደግፎ፣ ረጃጅም እግሮቹን አጥፎ አስፋልቱ ዳር ላይ ቁጭ ብሏል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

እኛ ሦስታችን የኮኮናት ውኃ የሚሸጥ ሰው ጥላ ሥር ቀረን። ሄርሜላ ልትሮጥ ስትል እናቷ ክንዷን ይዛ «ቆይ፣ ሥርዓት ነው» አለቻት። ሽማግሌዎቹ ሄደው ፊቱ ተደርድረው ቆሙ። ዶን ቼማ ባርኔጣውን አወለቀ። የሚሉት ባይሰማንም ኤሪክ ቀና ሲል፣ ወደ እኛ ሲያይ፣ አፉ ሲከፈት አየን። ዶኛ ሉፔ ጎንበስ ብላ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ከዚያ ኤሪክ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

ሦስቱም ፊታቸውን አኮሳትረው ተመለሱ።

«እንቢ አለ» አለ ዶን ቼማ።

አልጋነሽ አፏን ያዘች።

«አንድ ልጅ ነኝ ብሏል» ቀጠለ፣ ድምፁን አወፍሮ። «ዱሉዝ አጎቶች አሉኝ፣ እነሱ ሳይሰሙ የማደርገው ነገር የለም ብሏል።»

ዶኛ ሉፔ መቻል አቅቷት በሳቅ ፈነዳች፤ ባለጀልባውም ተከተላት። ወዲያ ማዶ ኤሪክ አስፋልቱ ላይ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነው። ደንቡን በሁለት ደቂቃ ተምሮ መልሶ ለእኔው ሸጠው! የዚያን ጊዜ ክብርም፣ ደንብም፣ ጉልበትም አልታየኝም። በባዶ እግሬ መንገዱን ተሻግሬ፣ ጎትቼ አስነስቼ፣ አንገቴን አንጋጥጬ አቀፍኩት።

«ሰር» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ስለ ምግብ ሲሆን ሦስቴ መጠየቅ እንዳለ አውቃለሁ። ስለ ሰው ግን አንዴ ብቻ የሚጠየቅ መስሎኝ ነው።»

«ልጄን ራሷን ጠይቃት» አልኩት።

ሄርሜላ ከእናቷ እጅ አምልጣ ደርሳለች። ጎማው አጠገብ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ገና «ዊል ዩ» ሲል «የስ!» አለች፣ ያውም በጩኸት። አልጋነሽ «ቀስ በይ እንጂ፣ ቶሎ አትበይ» ብላ ቆነጠጠቻት። የኮኮናት ሻጩም፣ አላፊ አግዳሚውም አጨበጨበ።

ዶኛ ሉፔ ጨርቁን ገልጣ ፓይዋን ወደ እኔ ዘረጋች። አመል አይለቅም፣ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ተይው፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። ወዲያው ሸፍና ልትመልሰው!

«ኧረ ስጪኝ!» ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳት። እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ደንብ ጠላሁ አልላችሁም። አሁንም ሽማግሌ ሆኜ እቆማለሁ፣ አሁንም ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። የገባኝ ነገር ቢኖር ደንብ ክብር የሚሆነው ለሚያውቀው ሰው መሆኑ ነው፤ ለማያውቀው በር መዝጋት ነው። እንግዳ ሰው በራችሁ ላይ ሲቆም የእናንተን ደንብ ከማስጠበቃችሁ በፊት ንገሩት። ልጆቻችሁንም አስቡ፤ እነሱ በሁለት ደንብ መሃል የቆሙ ናቸው፣ ፊታቸውን እዩላቸው። እኔ ደስ ሲለኝ ደስ ብሎኛል ማለት የተማርኩት በስተርጅና፣ በሰው አገር የባሕር ዳርቻ ላይ፣ በባዶ እግሬ ነው። ባሕሩንም ወድጄዋለሁ፤ ዘንድሮም እንሄዳለን፣ ዶን ቼማ ቫኑን አጥቦ ይጠብቀናል።

የደንቡም ነገር በደንቡ አለቀ። በየካቲት አንድ ቅዳሜ፣ በረዶው ጉልበት ደርሶ ሳለ፣ የኤሪክ እናትና ሁለት አጎቶቹ ከዱሉዝ መጡ፤ መሪያቸው አቶ ተስፋይ ነበር። ንግግሩን ሳምንት ሙሉ ሲያጠና እንደከረመ ሚስቱ ነግራናለች። ደወሉ ሳይደወል በመስኮት አይቼ በሩን በረገድኩት። አራቱም ደረጃው ላይ ተደርድረው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በረዶ ትከሻቸው ላይ እየወረደ ቆመዋል።

«አንቀመጥም…» ብሎ አቶ ተስፋይ ጀመረ።

«ሰጥቻለሁ!» አልኩ።

«ኧረ ቆይ፣ ንግግሬን ልጨርስ!»

«ተናገር፣ ጨርስ፣ እሰማለሁ። መልሱ ግን እሺ ነው።»

አልጋነሽ ከኋላዬ ሆና ጮኸች። «ቢያንስ በረዶውን ያራግፉ!»